መርፌው የት ተወጋ? ስለ ቤት ድመቶች ክትባት ያልተጠየቀው ጥያቄ

በአማርኛ አንድ ገዳይ በሽታ ስሙን ያገኘው ከውሻ ነው። «የእብድ ውሻ በሽታ» ሲባል በሰሚው ዓይነ ሕሊና የሚመጣው አረፋ የሚደፍቅ፣ ጭራውን በእግሮቹ መካከል የወሸቀ፣ ከመንደር መንደር የሚባዝን ውሻ እንጂ ሶፋ ላይ የተጠቀለለች ድመት አይደለችም። ስያሜው ያለ ምክንያት አልወጣም። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ በዚህ በሽታ ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት 59,000 ያህል ሰዎች 99 በመቶ የሚሆኑት በሽታው የሚተላለፍባቸው ከውሻ ነው። ይሁን እንጂ ስም እንደሚያስተምር ሁሉ ያሳስታልም። ውሾች በሕግ ተገደው በሚከተቡባት በዩናይትድ ስቴትስ፣ ከቤት እንስሳት መካከል በየዓመቱ በሽታው በብዛት የሚገኝባት ውሻ ሳትሆን ድመት ናት፤ ቁጥሩም በዓመት ከ200 እስከ 300 ይደርሳል።

ይህ ከአገር ርቀው ለሚኖሩ የአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። በአገር ቤት ድመት የምትኖረው በጓዳና በጎተራ መካከል ነው፤ ሥራዋ አይጥ መያዝ፣ ደመወዟም ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። ለሕክምና የሚነዳው በሬ ወይም ላም እንጂ ድመት አልነበረችም፤ ታማ ከሞተችም ሌላ ከጎረቤት ትመጣለች። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በለንደን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ በሚገኝ አፓርታማ ውስጥ ግን ድመት ሌላ ሆናለች፤ የልጆች የጨዋታ ጓደኛ፣ የብቸኛ ሰው የምሽት አጫዋች፣ በስሟ የምትጠራ የቤቱ አባል። አኗኗሯ ተለውጧል፤ ስለ እርሷ ያለው አስተሳሰብ ግን ብዙ ጊዜ ከነበረበት ፈቅ አላለም። «ድመት ራሷን ታውቃለች» የሚለው የቆየ እምነት ከሻንጣው ጋር ባሕር ተሻግሮ መጥቷል።

ሌላው መጽናኛ «የእኛዋ ከቤት አትወጣም» የሚለው ነው። አበው «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንዳሉት፣ በአሥረኛ ፎቅ የምትኖር ድመትም አዳኝነቷን አልተወችም። በተከፈተ መስኮት የገባች አንዲት የሌሊት ወፍ ለእርሷ ጨዋታ ናት፤ በሰሜን አሜሪካ ግን የሌሊት ወፍ ከዚህ በሽታ ዋና ዋና ተሸካሚዎች አንዷ ናት። በዚያች ቅጽበት የተከተበችና ያልተከተበች ድመት ዕጣ ለየቅል ይሆናል። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት በሚመሩበት የጋራ መመሪያ መሠረት፣ ክትባቷ ጊዜው ያላለፈበት ድመት ወዲያውኑ ማጠናከሪያ ይሰጣትና ለ45 ቀናት በባለቤቷ ቤት ክትትል ይደረግባታል። ፈጽሞ ተከትባ የማታውቅ ድመት ግን ሕይወቷ በመርፌ እንዲያልፍ ይመከራል፤ ባለቤቷ ለዚህ ካልፈቀደ ለ4 ወራት ከሰውም ከእንስሳም ተለይታ በጥብቅ ትዘጋለች። በሕይወት እያለች መርምሮ ነጻ ማውጣት አይቻልም፤ የሚመረመረው አንጎሏ ነውና። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሚሻ ወላጅ አይኖርም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ግዛቶች 4 ወር የሞላቸው ድመቶች ይህን ክትባት እንዲከተቡ ሕግ ያስገድዳል። በብሪታንያ በአንጻሩ ከሌሊት ወፎች በቀር በሽታው በአገሩ እንስሳት ዘንድ ስለሌለ፣ ወደ ውጭ የማትጓዝ ድመት አትከተበውም። በዓረብ ባሕረ ገብ ምድር በሽታው በቀበሮዎችና ባለቤት በሌላቸው ውሾች መካከል ይዘዋወራል፤ በዚያ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ፊት አለው። በብዙ የባሕረ ሰላጤው ቤቶች ድመቷን የምትመግበው፣ የምታጥበው፣ ከአልጋ ሥር ጎትታ የምታወጣው ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ናት። የመጀመሪያው ጭረትና የመጀመሪያው ንክሻ የሚያርፈው በእርሷ እጅ ላይ ነው። ድመቷ መከተብ አለመከተቧን ማወቅ ለእርሷ የሥራ ደኅንነት ጥያቄ ነው፤ አሠሪዎቿንም ልትጠይቅ ይገባታል። ከተነከሰች ደግሞ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለባት፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሙግት ቀላል ነው። ከባዱ ሙግት የሚጀምረው «ክትባቱ ራሱ ድመትን ይገድላል» የሚል ወሬ ሲሰማ ነው። ወሬው ከባዶ አልተነሣም። ቁጣ ወይም ፌዝ ሳይሆን መልስ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው በፔንሲልቬንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ሁለት አዳዲስ ነገሮች ለድመቶች ቀረቡ፤ በቆዳ ሥር የሚወጋ የተገደለ ቫይረስ የያዘ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ ክትባት። በ1987 ደግሞ ግዛቱ ድመቶች ሁሉ ለእብድ ውሻ በሽታ እንዲከተቡ አዘዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከድመቶች የተቆረጡ ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ የሚያዩ ባለሙያዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ፋይብሮሳርኮማ የተባለው አደገኛ የሥጋ ካንሰር ቁጥሩ ጨምሯል፤ የሚበቅለውም በዘፈቀደ ሳይሆን ሐኪሞች መርፌ በሚወጉበት ቦታ፣ በተለይም በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። በአንዳንዶቹ ዕጢዎች ዙሪያ በተሰበሰቡ ሕዋሳት ውስጥ የአሉሚኒየም ቅሪት ተገኘ። አሉሚኒየም በተገደሉ ክትባቶች ውስጥ የሰውነትን መልስ ለማጠናከር የሚጨመር አጋዥ ንጥረ ነገር ነው። ማቲ ሄንድሪክና ማይክል ጎልድሽሚት ይህን በ1991 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አስታወቁ።

ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ድንጋጤው ግን ረጅም። አንድ ሙያ በገዛ እጁ የሚሰጠው መከላከያ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ብሎ በአደባባይ መናገር ቀላል አይደለም። የእንስሳት ሐኪሞቹ ግን ነገሩን አላዳፈኑትም። በ1993 በሰፊ ቁጥር ላይ የተደረገ ጥናት ግንኙነቱን አጠናከረ፤ በ1996 የሙያ ማኅበራት ተሰብስበው ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ከዚያ በኋላ በተሠሩ ጥናቶች መሠረት የአደጋው መጠን እንደ ጥናቱና እንደ አገሩ ቢለያይም፣ ከ10,000 ክትባቶች በአንዱ አካባቢ የሚገመት ነው፤ በብሪታንያ የተደረገ ስሌት ከዚህም ያነሰ አሳይቷል። ዕጢው ከመርፌው በኋላ ከወራት አንስቶ እስከ ብዙ ዓመታት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ክትባት ብቻውን ተከሳሽ እንዳልሆነም ታወቀ፤ ለረጅም ጊዜ የሚሠሩ የስቴሮይድ መርፌዎችና ሌሎች የሚወጉ መድኃኒቶችም ከዚሁ ዕጢ ጋር ተያይዘዋል። የችግሩ ሥር በአንዳንድ ድመቶች ሰውነት ውስጥ ሥር የሰደደ ብግነት ወደ ካንሰር የመለወጥ ዝንባሌ ይመስላል። ውሾች ይህ ችግር እምብዛም አይታይባቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይወለዳሉ። አንዱ ወገን ይህን ታሪክ በግማሹ ሰምቶ «እንግዲያው አላስከትብም» ይላል። ሌላው ወገን፣ ከእነዚህም መካከል አንዳንድ ክሊኒኮች አሉበት፣ ታሪኩን እንዳልሰማ ሆኖ በየዓመቱ ያለውን ክትባት ሁሉ በአንድ ጥቅል፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ይወጋል። የመጀመሪያው ከ10,000 አንዱን ፈርቶ፣ ግልገል ድመቶችን ካላከሟቸው ከ10 እስከ 9 ሊገድል ለሚችለው ፓንሉኮፔኒያ ለተባለ ቫይረስ በሩን ይከፍታል። ሁለተኛው ደግሞ አነስተኛ የሆነውን አደጋ ያለ ጥቅም ይደጋግመዋል። ሁለቱም ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ መርፌው የትኛው ነው፣ መቼ ነው፣ የትስ ይወጋል?

ኢትዮጵያውያን ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ እንግዳ አይደሉም። በኢትዮጵያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ውሻ ለነከሰው ሰው ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅና በሆድ ቆዳ ሥር ቀን በቀን የሚወጋ ነበር፤ የእነዚያ መርፌዎች ስቃይ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ዛሬም ይወራል። ክትባቱ የነርቭ ሥጋ ስለነበረበት አልፎ አልፎ በተወጋው ሰው ላይ የነርቭ መታወክ ያስከትል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በሕዋስ ውስጥ በሚመረቱ ዘመናዊ ክትባቶች እንዲተካ ሲወተውት የኖረውም ለዚህ ነው። ጥያቄው «ክትባቱ ይቅር» የሚል አልነበረም፤ «የተሻለው ይምጣ» የሚል ነበር እንጂ።

ለድመቶችም የተሻለው መጥቷል፤ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን አዲስ መድኃኒት አይደለም። የቦታ ለውጥ ነው። በትከሻዎች መካከል የበቀለ ሳርኮማ እንደ ሸረሪት ድር ወደ ጡንቻና ወደ አከርካሪ አጥንት ስለሚዘረጋ፣ ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ከነሥሩ ለማውጣት በዙሪያው ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ጤናማ ሥጋ መቁረጥ ይኖርበታል። በዚያ ቦታ ላይ ለመቁረጥ የሚተርፍ ሥጋ የለም። ጥቂት ከተተወ ደግሞ ዕጢው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር ክትባት ከትከሻ ወርዶ በእግር ታችኛው ክፍል፣ ከክርንና ከጉልበት በታች እንዲወጋ መከረ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በቀኝ የኋላ እግር፣ የሉኪሚያው በግራ የኋላ እግር፣ የቀሩት በቀኝ የፊት እግር። ያ ከሺህ አንድ እንኳ የማይደርስ ክፉ ዕድል ቢመጣ እግሩ ተቆርጦ ድመቷ ትድናለች፤ በሦስት እግር የሚኖሩ ድመቶችም ይዘላሉ፣ ይጫወታሉ።

ይህን አሠራር መሐንዲስ ሲያየው ወዲያው ያውቀዋል። በኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ፊውዝ የሚቀመጠው ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ እንዳይመጣ ለመከልከል አይደለም፤ ቢመጣ ቃጠሎው እጅ በሚደርስበትና በሚተካበት ቦታ እንዲሆን ነው። የእግር መርፌ የካንሰሩን ዕድል በራሱ አይቀንስም፤ ውጤቱን ግን ከሞት ወደ አንድ እግር ያወርደዋል። በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2014 የታተመ ጥናት ደግሞ በጭራ ጫፍ አካባቢ መውጋትም ድመቶች በቀላሉ የሚታገሡትና ሰውነታቸውም ተገቢውን መከላከያ የሚያመርትበት መሆኑን አሳይቷል። ጭራ ከእግርም ይልቅ ለመቁረጥ የቀለለ ነው። እንዲህ ያለ ርካሽ፣ አዲስ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ከሐኪሙ እጅ አቅጣጫ በቀር ምንም የማይለውጥ የደኅንነት እርምጃ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ አይገኝም። እንዲህም ሆኖ በብዙ ክሊኒኮች መርፌው ዛሬም ወደ ትከሻው ይሄዳል፤ ድመቷ ስለምትረጋጋ፣ እጅ ስለለመደ፣ ባለቤቱም ስላልጠየቀ። በዚህ ላይ ለሐኪሞቹ ጠበቃ መሆን ያስቸግራል።

የክትባቱ ዓይነትም ይታያል። አሉሚኒየምም ሆነ ሌላ አጋዥ ንጥረ ነገር የሌለባቸው ክትባቶች አሉ፤ ለእብድ ውሻ በሽታ የሚሰጠው ከእነዚህ አንዱ በካናሪ ወፍ ፈንጣጣ ቫይረስ ላይ የበሽታውን አንድ ዘረ መል ብቻ በመጫን የተሠራ ነው። ብግነቱ አነስተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ከአደጋ ፍጹም ነጻ የሆነ መርፌ መኖሩ አልተረጋገጠም፤ ሻጩ እንዲያ ካለ ማመን አይገባም። ዋጋው ከሌላው ከፍ ይላል፤ በአንዳንድ ክሊኒኮች የሚሰጠው በዓመት አንዴ ሲሆን በሌሎች ደግሞ ለ3 ዓመት የሚያገለግለው ይገኛል። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ግን ምንም ዓይነት ቢሆን የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ነው፤ ድመቷ ተከትባለች የምትባለውም ከ28 ቀናት በኋላ ነው።

ስለ ጊዜ ሲነሣ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት የግልገል ክትባት ነው። ከስምንት ሳምንት ግልገል ጋር አንድ ወረቀት አብሮ ይመጣል፤ «ተከትባለች» ይላል፤ ቤተሰቡም ያምናል። ነገሩ እንዲህ ነው። ግልገሏ ከእናቷ የመጀመሪያ ወተት የተቀበለቻቸው ፀረ እንግዳ አካላት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይጠብቋታል። እነዚሁ ጠባቂዎች የክትባቱን ቫይረስም እንደ ጠላት ቆጥረው ያጠፉታል። በጊዜ ብዛት እየቀነሱ ሲሄዱ አንድ አስጨናቂ ወቅት ይመጣል፤ በሽታውን ለመከላከል ያነሱ፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን የበቁ የሚሆኑበት። ይህ ወቅት በየትኛዋ ግልገል በየትኛው ሳምንት እንደሚያልፍ ከውጭ አይታይም፤ ከአንድ እናት የተወለዱት እንኳ ይለያያሉ። ስለዚህ ክትባቱ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ በየ3 እና በየ4 ሳምንቱ፣ ዕድሜዋ 16 ሳምንት እስኪሞላ ወይም እስኪያልፍ ይደጋገማል። ድግግሞሹ ጉልበት ለመጨመር ሳይሆን ያቺን የማትታይ ክፍት ጊዜ ላለመሳት ነው። ከዚያ 6 ወር ገደማ ሲሞላት አንድ ተጨማሪ ይሰጣታል፤ እስካሁን ያመለጣት ካለ እዚህ ላይ ይያዛል። በስምንት ሳምንቷ አንዴ ተወግታ የቆመች ግልገል ምናልባት ምንም አልተከተበችም።

ይህን ያጠናቀቀች፣ ከቤት የማትወጣ ጎልማሳ ድመት ለፓንሉኮፔኒያ፣ ለሄርፐስና ለካሊሲ ቫይረሶች የሚሰጠውን ጥምር ክትባት በየ3 ዓመቱ ብታገኝ ይበቃታል ይላሉ ዛሬ የሚሠራባቸው ዓለም አቀፍ መመሪያዎች። የፓንሉኮፔኒያ መከላከያ በተለይ ለዓመታት የሚጸና ነው። ያም ሆኖ ይህ ክትባት ከቤት ለማትወጣዋም አይቀርም፤ ቫይረሱ ወለል ላይ ለአንድ ዓመት ያህል ሊቆይና በጫማ ተሸክሞ ሊገባ ይችላልና። የሄርፐስና የካሊሲው ክፍል ጉንፋኑን ያቀልላል እንጂ በሽታውን ፈጽሞ አያስቀርም፤ የተከተበች ድመት ስታስነጥስ ባለቤቱ ተታለልኩ ሊል አይገባውም። የሉኪሚያው ክትባት በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ግልገሎች ይመከራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ውጭ ለሚወጡ ወይም ከታመመ ድመት ጋር ለሚኖሩ ብቻ ነው። በሽታው በምራቅ ይተላለፋልና ብቻዋን ለምትኖር ጎልማሳ ድመት በየዓመቱ እርሱን መድገም ለክሊኒኩ ገቢ እንጂ ለእርሷ ጥቅም አይታይም።

በአንድ ቀን ብዙ መርፌ መውጋትም በቁጥር የተመዘነ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ከ2002 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ድመቶችንና ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ክትባቶችን ያካተተ ጥናት፣ በ30 ቀናት ውስጥ ከ10,000 ድመቶች በ52 ያህሉ ላይ አንድ ዓይነት ምላሽ መታየቱን መዝግቧል። አብዛኛው መፍዘዝና ትኩሳት ነበር። በአንድ ጉብኝት የሚሰጠው ክትባት በበዛ መጠን ግን ይህ ዕድልም ጨምሯል። በእርግጥ ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ ሰው ድመቷን በሳጥን አስገብቶ ሁለት ጊዜ መመላለስ ቀላል አይደለም፤ ድመቷም ከመርፌው ይልቅ ጉዞውን ትጠላለች። ከዚህ ቀደም በክትባት የታመመች ድመት ካለች ግን መከፋፈሉ ድካሙን ይክሳል። ለሐኪሙም ያለፈውን መንገር የባለቤቱ ድርሻ ነው። መጠኑን ግማሽ አድርጎ መስጠትን የሚጠይቁ አሉ፤ ክትባት እንደ ሽሮፕ በኪሎ አይመዘንም፣ ለትንሿም ለትልቋም አንድ ነው።

ከባዱ ምላሽ፣ ማለትም ድንገተኛ የሰውነት ቁጣ፣ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ፊት ያብጣል፣ ድመቷ ታስታውካለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ትወድቃለች። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ 20 ወይም 30 ደቂቃ በክሊኒኩ መቆየት፣ ቀጠሮውንም ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል ሳይሆን ጠዋት ላይ መያዝ ብልህነት ነው። እርጉዝ ድመት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት ክትባት አትወጋም፤ የፓንሉኮፔኒያው ቫይረስ በጽንሶቹ አንጎል ላይ ጉዳት ያደርሳልና።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በስደት ቤቶች ውስጥ የሚያሰጋ አንድ ደግነት አለ። ድመቷ ከክትባት በኋላ ስትፈዝና ጆሮዋ ሲሞቅ፣ ለልጅ ትኩሳት የሚሰጠው ክኒን ከመሳቢያ ይወጣል። ፓራሲታሞል፣ በስሙ ፓናዶልም ይባል ታይሌኖል፣ ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ይህን መድኃኒት የሚያመክነው ኬሚካዊ መንገድ የላትም ማለት ይቻላል፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ይጠቁራል፣ አንዲት ክኒን ልትገድላት ትችላለች። ከክትባት በኋላ የሚመጣ ቀላል ትኩሳት በአንድ ወይም በሁለት ቀን በራሱ ያልፋል። ካላለፈ የሚደወለው ለሐኪም ነው።

በመርፌው ቦታ የምትወጣ ትንሽ እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ትጠፋለች። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት የማስታወሻ ቁጥር «3፣ 2፣ 1» ነው፤ እብጠቱ ከ3 ወር በላይ ከቆየ፣ ከ2 ሴንቲሜትር ከሰፋ፣ ወይም ከክትባቱ 1 ወር በኋላ እያደገ ከሄደ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። መጀመሪያ የሚወሰደው ቁራጭ ናሙና ነው እንጂ እብጠቱን በችኮላ ቆርጦ ማውጣት አይደለም፤ በደንብ ሳይታቀድ የተደረገ የመጀመሪያ ቀዶ ሕክምና ዕጢውን ያሰራጨዋል፣ ሁለተኛውንም ዕድል ያበላሻል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሌሊት ሌሊት ድመቷን በሚያሻሹ ጣቶች እግሯንና ትከሻዋን መዳሰስ ገንዘብ የማይጠይቅ ምርመራ ነው።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ወረቀት ነው። የክትባቱ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑና የተወጋበት እግር ካልተጻፈ፣ ከ3 ዓመት በኋላ የወጣ እብጠት ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም። ከጠርሙሱ ላይ የሚነሣው ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት በድመቷ ደብተር ላይ እንዲለጠፍ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። አገር ለሚቀያይር ሰው ደግሞ ወረቀቱ ከሳይንስም አልፎ የድንበር ጉዳይ ይሆናል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለምትገባ ድመት መጀመሪያ ማይክሮቺፕ ከቆዳዋ ሥር ይገባል፤ ከዚያ ዕድሜዋ ቢያንስ 12 ሳምንት ሲሆን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይሰጣታል፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀናት ይጠበቃሉ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ማለትም ክትባቱ ከቺፑ ቀድሞ ከተሰጠ፣ በሕጉ ዓይን አልተከተበችም፤ እንደገና ትወጋለች። በዚህ ሰበብ ብቻ ያለ ጥቅም ሁለተኛ መርፌ የተወጉ ድመቶች ጥቂት አይደሉም።

ኢትዮጵያ ኅብረቱ ዝቅተኛ አደጋ አላቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች መካከል አይደለችም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የምትመጣ ድመት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀናት በኋላ ደሟ ተወስዶ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.5 ዓለም አቀፍ አሃድ ወይም ከዚያ በላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊገኝባት ይገባል፤ ደሙ ከተወሰደም በኋላ 3 ወር መጠበቅ አለ። ያው ምርመራ ከአውሮፓ ከመነሣቷ በፊት ተደርጎ በፓስፖርቷ ላይ ከተመዘገበና ክትባቷም ሳይቋረጥ ከቆየ ግን ይህ የ3 ወር ጥበቃ ይቀርላታል። እንግዲህ ከፍራንክፈርት ወይም ከሮም ተነሥቶ ገናን በአዲስ አበባ ከዘመድ ጋር ለማሳለፍ ያሰበ ቤተሰብ፣ ድመቷን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ የእርሷን ጉዳይ በኅዳር ሳይሆን በመስከረም መጀመር ይኖርበታል።